የሚያኮርፈው ማሽን

ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ቆይ» ነው የሚለው። ስም አጥቶ አይደለም፤ እውነተኛ ስሙን የሚያስታውሱት ግን ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ልብስ ማጠቢያ ማሽን የተበላሸበት ሰው እያለከለከ ሱቁ ገብቶ «ጋሼ፣ ማሽኔ ሞተብኝ!» ሲለው ካቻቪቴ አያነሳም፣ ቦርሳ አይሸክፍም። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ ያደርግና «ቆይ» ይላል። «ቆይ እስቲ፣ ከመሞቱ በፊት ምን አለ?»

ሰው በዚህ ይስቃል። የሚስቀው ግን ደብተሩን ስላላየ ነው። የሱቁ መደርደሪያ ላይ፣ ከአሮጌ ፓምፖችና ከተጠቀለሉ ሽቦዎች መሀል፣ ጠርዙ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ደብተር አለ። ገጹ ለሁለት የተከፈለ ነው። በግራ በኩል ባለቤቱ ስለ ማሽኑ የተናገረው ቃል ይሰፍራል፤ እንዳለ፣ ሳይታረም። በቀኝ በኩል ደግሞ ማሽኑ ሲፈታ የተገኘው ነገር። «ያለቅሳል» ከሚለው ፊት ለፊት «የበሩ ጎማ ተቀዷል» ተብሎ ተጽፏል። «ያጉረመርማል» ከሚለው ፊት ለፊት «ኩሽኔታው አልቋል»። «ከቤት ሊወጣ ይፈልጋል» ለሚለው ደግሞ «እግሮቹ እኩል አልቆሙም»። አንዲት ሴት «ይጠጣል እንጂ አይሠራም፣ ቁርጥ ባሌን» ብላው ባልየውንም ጭምር ጽፎታል፤ በቀኝ በኩል «ቺንጋው ተበጥሷል» ይላል። ባልየውን ለምን እንዳልሰረዘው ሲጠየቅ «የሰው ቃል አይቆረጥም፤ ቁም ነገሩ የቱ ጋ እንዳለ በምን አውቃለሁ?» ነው መልሱ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ መንገድ ሠርቷል። የተሰቀለ ዲፕሎማ የለውም። እናቱ የሰው ልብስ አጣቢ ነበረች፤ በብርድ ወራት የጣቶቿ መገጣጠሚያ እየተሰነጠቀ፣ ማታ ማታ ቫዝሊን ቀብታ በጨርቅ ጠቅልላ ነበር የምትተኛው። እሱ በሃያ ሁለት ዓመቱ የአንድ ሆቴል ዘበኛ ሳለ ሆቴሉ አንድ አሮጌ ማሽን ሊጥል ሆነ። ለምኖ ተቀበለና በጋሪ ጭኖ ቤት አመጣው። ስድስት ጊዜ ፈታው፣ ስድስት ጊዜ ገጠመው፤ በስድስቱም አንድ ብሎን ተረፈው። እናቱ ብሎኗን ከወለል ላይ እያነሳች «ልጄ፣ ይሄ ማሽን ይወልዳል እንዴ?» ትለው ነበር። በሰባተኛው ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። እናቱ መዳፏን የበሩ መስታወት ላይ አሳርፋ፣ ውሃው መሞቁን እስክታረጋግጥ ድረስ አልነቃነቅ አለች። ሲሞቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልጇ እናቱን በጠራራ ቀን እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር፤ ሙያውን የመረጠው ያኔ ነው።

ሲያገባም ለሙሽራዋ «እኔ እንግዲህ ስፈታ ስገጥም የምኖር ሰው ነኝ» ብሏት ነበር አሉ። እሷ ደግሞ ምላሷ አያርፍም፤ «ማሽኑን የፈለግከውን ያህል ፍታ፤ እኔን ከፈታኸኝ ግን የሚገጥምልህ አታገኝም» አለችው። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት አልተፈታችም።

ይህን ሁሉ መናገሬ ሰውየውን ለመካብ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰውም አንድ ቀን «ቆይ» ማለት እንደረሳ ለመናገር ነው።

ከሱቁ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ የአረጋውያን መጦሪያ አለ። ሠላሳ አራት አዛውንቶች ይኖሩበታል። ከምድር ቤቱ፣ ከማብሰያው ጎን፣ መስኮቷ ከጣሪያ ሥር የሆነች የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበረች። በዚያች ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች አጣቢ አለች፤ አጭር፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ የምትውል፣ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት። ከሁለት ወር ወዲህ አንሶላዎቹ አልጠራ አሉ። አዛውንቶች ጉልበታቸውንና ወገባቸውን የሚታሹት ቅባት በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም፤ ስልሳ ዲግሪ ይፈልጋል። ያልለቀቀው ቅባት ደግሞ እያደር ይሸታል። ልጆቻቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ አፍንጫቸውን ያዝ ማድረግ ጀመሩ። አጣቢዋ «ማሽኑ ነው፣ ውሃ አያሞቅም» አለች። አንድ ጠጋኝ መጥቶ ማሞቂያው ደህና ነው ብሎ ሄደ። ሌላ መጣ፤ እሱም ደህና ነው አለ። ሦስተኛው ተጠሪ ጋሽ ቆይ ሆነ።

የዚያን ማክሰኞ ጋሽ ቆይ ሲገባ አጣቢዋ አልነበረችም፤ ፎቅ ላይ አልጋ እያነጠፈች ነበር። ያስገባው ሥራ አስኪያጁ ነው። ይህ ሥራ አስኪያጅ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ወረቀት የሚያምን፣ ሸሚዙ ከብብቱ ያልተጨማደደ፣ ከመጣ አራት ዓመት የሆነው ወጣት ነው። «ሁለት ባለሙያ አይቶታል፤ የእርስዎን ቃል ግን ከሁለቱም በላይ አምናለሁ» አለው። ሙገሳ ደግሞ እንደ ቅባት ነው፤ ጠቢቡንም ያንሸራትታል። ጋሽ ቆይ የማሽኑን ጀርባ ከፍቶ የቴስተሩን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ሁለት ጫፍ በማሞቂያው ሁለት ጫፍ ላይ አሳረፈ። መርፌዋ ሃያ ስድስት ላይ ቆመች። ጤነኛ ማሞቂያ የሚያሳየው ቁጥር ነው። ማሽኑን ለአምስት ደቂቃ አስነሳው፤ መስታወቱን በመዳፉ ነካ፤ ለብ ብሏል። «ማሞቂያው ይሠራል» ብሎ ጻፈና ፈረመ። አጣቢዋን «ምን አለሽ?» ብሎ ሳይጠይቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

በስምንተኛው ቀን፣ ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ አጣቢዋ ራሷ ሱቁ መጣች። ከቦርሳዋ አንድ ለአራት የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይላል። ሠራተኛዋ ሥራዋን ቶሎ ጨርሳ ለመሄድ ስትል ማሽኑን በአጭሩና በቀዝቃዛው ፕሮግራም እንደምታሠራ፣ በማሽኑ ላይ የሌለ ብልሽት እንደምታወራ፣ ይህም በሦስት ባለሙያዎች እንደተረጋገጠ፣ ዓርብ የስንብት ውሳኔ እንደሚሰጥ ይዘረዝራል። ከሥሩ የጋሽ ቆይ ፊርማ ያለበት ወረቀት ቅጂ ተያይዟል።

«ጋሼ፣ ስለ እኔ ምን ብለው ነው የጻፉት?» አለች።

«ኧረ እህቴ፣ ስለ አንቺ መች ጻፍኩ! ስለ ማሽኑ ነው የጻፍኩት።»

«ስለ ማሽኑ የጻፉት ለእኔ ነው የደረሰው።»

ጋሽ ቆይ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገው። «ቆይ» አለ፣ ስምንት ቀን ዘግይቶ። «ቆይ፣ ምን ይልሻል ማሽኑ?»

«ያኮርፋል።»

«ምን?»

«ይጀምርና ያኮርፋል። እንዲህ ብዬ እጄን መስታወቱ ላይ አድርጌ ስጠብቅ፣ ሞቅ ሞቅ ይልልኛል፤ እሰይ ስል ኩርፍ ይላል። ከዚያ በኋላ ብለምነው፣ ብቆጣው አይሰማም። ይሽከረከራል እንጂ አይሞቅም።»

ጋሽ ቆይ ደብተሩን አወረደ። ገጹን ገለጠ። ያለቅሳል አለ፣ ያጉረመርማል አለ፣ ይንቀጠቀጣል አለ። ያኮርፋል የሚል የለም። ይህን ጊዜ ኩራቱ መጣበት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከፈረመበት ወረቀት ተመልሶ አያውቅም። «እህቴ፣ ማሽን ይሠራል፣ ወይ አይሠራም። ኩርፊያ የሰው ነው» አላት። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ደስ አላለውም፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሊመልሰው አልቻለም።

አጣቢዋ ወረቀቷን እንደ ነበረው ለአራት አጠፈችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል» አለች። «የእኔ እውነት ግን ዓርብ ቀጠሮ አለበት።» እጅ ነስታ ወጣች።

ያን ዕለት ጋሽ ቆይ ቤቱ የገባው ጸሐይ ሳትጠልቅ ነው። ሚስቱ የመስኮት መጋረጃ እየተኮሰች ነበር። ቀና ብላ አየችውና «ዛሬ ማን ነካህ?» አለችው። መናገር ጀመረ። በሞቀ ስሜት ነው የጀመረው፤ ስለ ቴስተሩ፣ ስለ ሃያ ስድስቱ ቁጥር፣ ሦስት ባለሙያ አይቶ ደህና ስላለው ማሽን፣ እያለ እያለ ድምፁ ከፍ፣ ፊቱ ቀላ አለ። ሚስቱ ካውያውን ቀና አድርጋ «እሺ፣ እና ሴትየዋ ዋሸች ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

እዚህ ላይ ዝም አለ። ድርግም። ተነስቶ ሰገነቱ ላይ ወጣና ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሚስቱ አልተከተለችውም። የቀረውን መጋረጃ ተኮሰች፤ አጠፈች፤ ሰቀለች። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ጋሽ ቆይ ገባና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ትህትና በተሞላበት ድምፅ «ሻይ ይኖር ይሆን?» አለ።

ሚስቱ ሳቀች። «በረደልህ?»

«ምኑ?»

«ኩርፊያህ ነዋ! ሠላሳ አንድ ዓመት አጠናሁህ እኮ። ስትጀምር ደህና ትሞቃለህ። ትንሽ ስትግል ጥርቅም ትላለህ። ያኔ ቢለምኑህ ትርፉ ድካም ነው። ሲበርድልህ ደግሞ ራስህ ትመለሳለህ። የእኔን ጉዳት የሚያውቅልኝ የለም፤ ሰው ቤታችን የሚመጣው ሁልጊዜ በርዶልህ ሳለ ነው። አይተውህ ‹ምን የመሰለ ጨዋ ባል አለሽ!› ብለውኝ ይሄዳሉ።»

ጋሽ ቆይ ሲኒውን እንደ ያዘ ደርቆ ቀረ።

«ምን ሆንክ ደግሞ? በቀልድ ነው እኮ» አለችው፤ ዳግመኛ ያኮረፈ መስሏት።

«ድገሚው።»

«የቱን?»

«ሰው የሚመጣው መቼ ነው ያልሽው?»

«በርዶልህ ሳለ።»

ሲኒውን አስቀመጠ። ሦስት ጠጋኝ ወደዚያ ምድር ቤት ገብቷል፤ ሦስቱም ማሽኑ ተነቅሎ፣ አርፎ፣ ቀዝቅዞ ሳለ ነው መርፌያቸውን ያሳረፉበት። ሦስቱም ጨዋ ነው ብለው ፈርመው ወጡ። ሲግል ምን እንደሚሆን ያየች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ያየችውንም ከዚያ በተሻለ ቃል ሊናገረው የሚችል መሐንዲስ የለም። «እኔ ደደብ!» አለ ጋሽ ቆይ ግንባሩን መትቶ። ሚስቱ፣ ባሏ ራሱን ሲሰድብ መስማት ብርቅ ስለሆነባት፣ ለምን ብላ ሳትጠይቅ ሻዩን ጨመረችለት።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጦሪያው ደረሰ። በቦርሳው አዲስ ማሞቂያ ይዟል። አጣቢዋ ቅርጫት ተሸክማ ስትወርድ ደረጃው ሥር ቆሞ አገኘችው።

«እህቴ፣ ትናንት ያልኩሽን ተይው። ሳልጠይቅሽ ፈረምኩብሽ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ማሽኑን ልክ እንደ ሁልጊዜሽ አስነሺው፤ እኔ የለሁም በይ።»

አጣቢዋ ለአፍታ አየችው። ከዚያ አንሶላዎቹን አስገባች፣ መደወያውን ስልሳ ላይ አዞረች፣ ቁልፉን ጫነች። መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ጋሽ ቆይ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና የራሱን መዳፍ ከእሷ መዳፍ አጠገብ አደረገ። ውሃው ገባ፣ ልብሱ ተገለባበጠ፣ መስታወቱ ቀስ እያለ ለብ አለ፤ ከዚያም ሞቅ አለ። እሱ ገና ምንም ሳይታወቀው አጣቢዋ «አሁን» አለች። «አሁን አኮረፈ።»

ጋሽ ቆይ ቶሎ ብሎ ስፒናውን ከግድግዳው ነቀለ። ጀርባውን ከፈተ፤ ቴስተሩን አሳረፈ። መርፌዋ ከተኛችበት ንቅንቅ አላለችም። ማሞቂያው ሲግል ሞቷል። ሽቦዎቹን ነካ ነካ አድርጎ ደግሞ ለካ። አሁንም ምንም። «ጎሽ!» አለ በደስታ፣ ሰው በብልሽት እንደዚያ ሲደሰት ታይቶ አይታወቅም። «ሥራ አስኪያጁን ጥሪልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን በጣቱ መሀል እንዳደረገ ወረደ። «ጋሽ ቆይ፣ ደህና ነው ብለው ፈርመዋል እኮ።»

«ፈርሜያለሁ። ተሳስቻለሁ። ይህችን መርፌ ይመልከቱ፤ አትንቀሳቀስም፣ አይደል? አሁን ቆይ እንበል።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪበርድለት።»

ጋሽ ቆይ የሞቀውን ውሃ ከሥር ባለችው ቀጭን ቱቦ በሳፋ አፈሰሰው። የሚቀረው መጠበቅ ብቻ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ፣ በሩን አየ፤ ለመሄድም አፈረ። በአራት ዓመት ውስጥ እዚያች ክፍል ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆሞ አያውቅም። መቀመጫ ስለሌለ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አጣቢዋ ግን ቆሞ መጠበቅ አታውቅበትም፤ የደረቁትን አንሶላዎች ማጣጠፍ ጀመረች። እያንዳንዱ ጥጉ ላይ የተለያየ ቀለም ክር ተሰፍቶበታል።

«ይሄ ክር ምንድን ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የሰዉ ነው። አረንጓዴው የሰባተኛ ክፍሉ አባባ ነው፤ ስፌት ጀርባቸውን ሲነካቸው ስለሚያማቸው ገልብጬ ነው የማጥፍላቸው። ቀዩ የእማማ ነው፤ ሽታ ያለው ሳሙና ያሳክካቸዋል።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ክፍሉ ጥግ ተመለከተ። ጥጉ ላይ ትልቅ ጥቁር ድስት፣ ከጎኑም ረጅም የእንጨት ማማሰያ አለ። «ይህስ? ማብሰያ ቤቱ እያለ ድስት እዚህ ምን ይሠራል?»

አጣቢዋ ያጠፈችውን አንሶላ አስቀመጠች። «ጀርባቸው የቆሰለ ሦስት ሰዎች አሉን። የእነሱን አንሶላ ባልጠራ ውሃ አጥቤ ብሰጣቸው ቁስሉ ይመረቅዛል። ማሽኑ እምቢ ካለኝ ወዲህ የእነሱን እያፈላሁ ነው የማጥበው። ለሁሉም አልደርስም እንጂ፣ ለሦስቱ እደርሳለሁ።»

«መቼ ነው የምታፈዪው?»

«ማብሰያ ቤቱ ምድጃውን ሲለቅልኝ፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ።»

«ሥራዋን ቶሎ ጨርሳ ለመሄድ ስትል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ በገዛ እጁ፣ ሁለት ጊዜ አስተካክሎ። እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ጋሽ ቆይ ሁሉንም ሰምቷል፤ ግን ዓይኑን ከመርፌዋ አልነቀለም። አንጀቱ ግን አረረ፤ በሥራ አስኪያጁ ሳይሆን በራሱ። ያን ማክሰኞ አሥር ደቂቃ ቢጠብቅ ኖሮ ይህች ሴት ይህን ሁሉ በልቧ ይዛ እንደ ሰነፍ ባልታየች ነበር።

ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ሲል መርፌዋ ብድግ አለች። ወደቀች። እንደገና ተነሳችና ሃያ ስድስት ላይ ጸጥ ብላ ቆመች።

«ይኸው ጨዋው ተመለሰ» አለ ጋሽ ቆይ። «ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተሰንጥቃለች። ሲቀዘቅዝ ጫፍና ጫፏ ይነካካል፤ ሲግል ይለያያል። ማሽኑ አሮጌ ነው፣ በጽሑፍ ችግሩን አይናገርም፤ ውሃው እስኪሞቅ ይጠብቃል ይጠብቃል፣ ሲሰለቸው እንዲሁ አጥቦ ያልፋል። እኛ ሦስታችንም ያየነው ሲበርድ ነው። የነገረችን እሷ ናት፤ ያኮርፋል ብላ። ማኩረፍ ማለት እኮ ይኸው ነው፤ ሌላ ስም የለውም።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለእሱ ቀላል ነው። አሮጌውን ማሞቂያ ውሃው በጣለው ጠጠር እንደ ተሸፈነ ስቦ አወጣው፤ የተቀመጠበትን ጎማ ጠረገ፤ አዲሱን አስገብቶ አጠበቀ፤ ጀርባውን ገጠመ። የተረፈ ብሎን አልነበረም። አጣቢዋ አስነሳችው። ሦስቱም ቆመው ጠበቁ። መስታወቱ ለብ አለ፣ ሞቀ፣ ከዚያም በጉም ተሸፈነ፤ አጣቢዋ መዳፏን ማሳረፍ አቅቷት አነሳችው። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዞረች፤ ስታለቅስ እንዳያዩዋት ነው፤ ግን አዩዋት።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ችግሩ ተገኘ። እግዜር ይስጥልን ጋሽ ቆይ» አለና ወደ በሩ ዞረ።

«ቆይ» አለ ጋሽ ቆይ።

ሥራ አስኪያጁ ቆመ።

«ማሽኑ ተጠገነ። ደብዳቤውስ?»

«ይነሳል። ዛሬውኑ አነሳዋለሁ።»

«ደብዳቤው ይነሳል፤ ጥሩ። የእኔንም ወረቀት ቀድጄ ሌላ እጽፋለሁ። ስሟስ? ሁለት ወር ሙሉ ፎቅ ላይ ያለው ሁሉ፣ ጠያቂው ሁሉ፣ ሰነፏ እያለ ነው ሲያያት የከረመው። እሱን በካቻቪቴ መፍታት አልችልም። እኔ ጠዋት ደረጃው ሥር ጥፋቴን ነግሬያታለሁ።» ይህን ብሎ ባልዲው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ቦርሳውን አልዘጋም። ቢያስፈልግ እስከ ዓርብም የሚቀመጥ ይመስል ነበር።

የሥራ አስኪያጁ ጆሮ ቀላ። አጣቢዋ የሚቀጥለውን ዙር አንሶላ ከቅርጫት እየለየች፣ ጀርባዋን ሰጥታው ነበር። ወለሉን እያየ፣ ለሸሚዙ ቁልፍ የሚናገር ይመስል፣ «እንግዲህ... ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ።

አጣቢዋ ቀና ሳትል «ምን አሉ አለቃ?» አለች። «ማሽኑ እየጮኸ አልሰማሁም።»

ማሽኑ በዚያ ሰዓት ውሃ እያሞቀ ነበር። ውሃ የሚያሞቅ ማሽን የሰው ቃል የሚሸፍን ድምፅ የለውም፤ ይህን ከሁለቱም አስበልጣ የምታውቀው እሷ ናት። ጋሽ ቆይም ያውቃል፤ ድንገት የቴስተሩን ገመድ መጠቅለል በጣም አስፈላጊ ሆኖ ታየውና አንገቱን ደፍቶ መጠቅለል ጀመረ።

ሥራ አስኪያጁ አንዴ ማሽኑን፣ አንዴ እሷን አየ። ገባው። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ በሩ ወለል ብሎ እንደ ተከፈተ፣ ኮሪደሩ ላይ አዛውንቶቹ የረፋዱን ሻይ እየጠበቁ ወንበራቸውን ይዘው እንደ ተደረደሩ ያያል። አልዘጋውም። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «እርስዎ» ብሏት የማያውቃትን ሴት፣ ላይ ፎቅ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ!» አላት። «እርስዎ እውነትዎን ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!»

ኮሪደሩ ላይ ራስ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። አጣቢዋ አረንጓዴ ክር ያለበትን አንሶላ ከቅርጫቱ አውጥታ አራገፈችው።

«አሁን ሰማሁ» አለች።